ሁለት ክፍል ያለው ፍሪጅ ይገዛ ያለችው ሐረግ

ስማ፣ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው ንገር። የመካነ ሰላም ነጋዴ፣ የከላላ ገበያተኛ፣ የማሻ ሹም ሁሉ እወቅ። የመንገድ ጥናት ቡድኑ መሪ በፍቃዱ ከዛሬ ጀምሮ የካምፕ ፍሪጅ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ተሰይሟል። ግዛቱ ከክዳን እስከ ሶኬት ነው። ያለ እሱ ፊርማ ውሃ እንዳይቀዘቅዝ፣ ሥጋ እንዳይሰነብት ታዟል።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበረው፤ ሰብሳቢው፣ ሾፌሩ ጋሽ አሕመድኑር እና የቡድኑ ምግብ አብሳይ ሐረግ። ሐረግ ጸሐፊ ተደረገች። ጽሕፈቷ ስለሚያምር ነው ተባለ። እውነቱ ቃለ ጉባኤ መጻፍ አድካሚ ሥራ ስለሆነ ነው፤ አድካሚ ሥራ ደግሞ በዚህ አገር ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እንጂ ወደ ላይ ሲወጣ ታይቶ አያውቅም።

ሐረግ ቡድኑን ተከትላ ድንኳን ለድንኳን ስትዞር አራተኛ ዓመቷ ነው። በወር አሥራ ሁለት ቀን በረሃ ይወርዳሉ፤ አሥራ ሁለቱንም ቀን የአሥራ ሁለት ሰው ሆድ የእሷ ጉዳይ ነው። እስከዚህ ዓመት ጥር ድረስ አንድም ሰው ከእጇ በልቶ ሆዱን አልያዘም።

ጥር ላይ ወደ አባይ በረሃ ወረዱ። የድሮዋ ፍሪጅ በመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ተሰክታ ነበር የምትሠራው። በሁለተኛው ቀን የበፍቃዱ ስልክ ባትሪ ጨረሰ። ሶኬቱ አንድ ብቻ ነው። ፍሪጇን ነቀለና ስልኩን ሰካ። ስልኩ ሞላ፤ ሰውየው ግን ፍሪጇን መልሶ መሰካት ረሳ። በማግስቱ ሐረግ ክዳኑን ስትከፍት ሥጋው ሸቷል።

በፍቃዱ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ወደ እሷ ዞረ። «እጅሽን ሳትታጠቢ እየነካካሽው ነዋ» አላት። «ቤትሽም እንዲህ ነው የምትበዪው?»

ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሐረግ ማን ማን እንደሳቀ እስከ ዛሬ ታውቃለች።

ከተማ ሲመለሱ «በንጽሕና ጉድለት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማህተም ተመትቶበት ፋይሏ ውስጥ ገባ። የሐረግ ውል ሰኔ ሠላሳ ያልቃል፤ በዚያ መሥሪያ ቤት ፋይሉ ውስጥ ማስጠንቀቂያ የተገኘበት ሰው ውል አይታደስለትም። ወሬው ከካምፑም ወጣ። ለሠርግ ወጥ ይጠሯት የነበሩ ሁለት ቤቶች ዘንድሮ ሌላ ሰው ጠሩ። ምክንያቱን የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም።

አንድ ቀን ጋሽ አሕመድኑር መኪና ሲያጥቡ ጠሯት።

«እታለም፣ ሶኬቱን የነቀለው እሱ ነው። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን ምነው ዝም አሉ፣ ጋሼ?»

«የመኪናውን ቁልፍ ቢቀማኝስ? ስድስት ልጅ አለኝ።»

ሐረግ የመኪና ማጠቢያውን ጨርቅ አቀበለቻቸው። «አብሽሩ» አለቻቸው። «እኔም አልጮህም። ግን አልተወውም።»

የድሮዋን ፍሪጅ በአዲስ ለመተካት ኮሚቴው የተሰየመው በዚህ መሃል ነው። የፈይዛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄዱ። ፈይዛ ከደሴ ያስመጣቻቸውን ሦስት ተንቀሳቃሽ ፍሪጆች መሬት ላይ ደረደረች።

«ይቺ ፋን ብቻ ናት» አለች የመጀመሪያዋን በእግሯ ነካ አድርጋ። «ከውጪው አየር ትንሽ ቀዝቀዝ ታደርጋለች እንጂ በረሃ ላይ ዋጋ የላትም። ሰው አላታልልም። ይቺ ቀይዋ ኮምፕሬሰር አላት፤ ውሃ በረዶ ታደርጋለች። አንድ ክፍል ናት። መብራት አላት፤ ዘፈንም ታጫውታለች።»

«ግራጫዋስ?» አለች ሐረግ።

«እሷም ኮምፕሬሰር ናት፤ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ክዳን። የመኪናው ባትሪ ሲደክም ራሷን ታጠፋለች። መልክ ብቻ ነው የነሷት።»

በፍቃዱ ግን ቀይዋን ከፍቶ ሰማያዊው መብራት ፊቱ ላይ በርቶበታል። ስልኩን አገናኝቶ ዘፈን ከፈተባት። የሕዝብ ገንዘብ ጠባቂ በዚያች ሰዓት ትከሻውን ሲሰብቅ ታየ።

«ግንቦት ላይ ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ» አለ። «ሬሳ ሳጥን ተሸክመን አንቀበላቸውም። ቀይዋ ትገዛ።»

«አቶ በፍቃዱ፣ ሥጋው እኮ ሁለት ነው» አለች ሐረግ። «የእስላሙና የክርስቲያኑ አንድ ላይ አያድርም። ግራጫዋ ትሻላለች።»

«በፌስታል ይለያል።»

«የበሽሎ መንገድ ፌስታል አይምርም።»

«አንቺ ወጥሽን ሥሪ። ፍሪጅ የምመርጠው እኔ ነኝ።»

«እንዲሁ ብዬ ልጻፈው?»

«ጻፊው። ማን ከለከለሽ?»

ጻፈችው። አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አልቀነሰችም። በፍቃዱ ሳያነብ ፈረመ፤ ፊርማው የገጹን ሩብ ይወስዳል።

ወሎ ሠርጉም ለቅሶውም የጋራ ነው፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። በፍቃዱም ያውቅ ነበር፤ በሥልጠና ብዛት ጠፍቶበት ነው።

ግንቦት ደረሰ። ሃምሳው ገና ስላልወጣ ረቡዕም አርብም ሥጋ ይበላል። ለእንግዶቹ ሁለት በጎች ተገዝተው መካነ ሰላም ታረዱ፤ አንዱን ጋሽ አሕመድኑር ቢስሚላህ ብለው ባረኩት፣ ሌላው በስመአብ ተባለበት። ሐረግ ቤት ክዳናቸው ጥርቅም የሚል ሁለት ባልዲዎች ነበሩ። ሥጋው ለየብቻ ቢገባባቸው ቀይዋ ፍሪጅ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። በጉዞው ጠዋት አየቻቸው። አየቻቸውና በእግሯ አልጋ ሥር ገፋ አድርጋ ወጣች። በዚህ የሚፈርድባት ይፍረድ፤ እኔ ጊዜ የለኝም።

ሥጋው በፌስታል ተቋጥሮ ገባ። ከማሻ በታች ያለውን ቁልቁለት ፍሪጇ እየዘፈነች፣ በፍቃዱ እያጨበጨበ ወረዱት። በሽሎ ዳር ድንኳን ተተከለ። ከደሴ የመጣችው ኃላፊ ኢንጂነር የኔአለምና እንግዶቿ ከፊሉ ሙስሊም፣ ከፊሉ ክርስቲያን ሆነው በአንድ ሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በፍቃዱ ራሱ ክዳኑን ከፈተ። ሰማያዊው መብራት ቦግ አለ።

ፌስታሎቹ ተቀድደዋል። ቁርጡ ከቁርጡ፣ ደሙ ከደሙ ተደባልቋል። ቅዝቃዜው ግን እንከን አይወጣለትም።

ጋሽ አሕመድኑር አጎንብሰው አዩና ቀና አሉ። «እኔ አልበላም።»

ከክርስቲያኖቹ አንዱ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው አዩ። «እኔም ይለፈኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልቀረበም። የዚያን ዕለት በዓለ ሃምሳ በሽሮ ተከበረ። ኢንጂነሯ ሽሮዋን ስትጨርስ «ይህን ፍሪጅ የመረጠው ማን ነው?» አለች።

«የምግቡ ነገር የሐረግ ነው» አለ በፍቃዱ ቶሎ ብሎ። «ቀድሞም ማስጠንቀቂያ አለባት።»

ሐረግ አራት ወር የጠበቀችው ይህችን ነበር። እጇን በሳሙና ታጠበች፤ በዝግታ፣ እስከ ክርኗ። ከዕቃ ሳጥኑ የቃለ ጉባኤውን ደብተር አወጣችና ቆማ አነበበች፤ የራሷንም፣ የሰብሳቢውንም ቃል። «‹አንቺ ወጥሽን ሥሪ። ፍሪጅ የምመርጠው እኔ ነኝ› ብለዋል። ፊርማ አለው» ብላ ደብተሩን ለኢንጂነሯ ዘረጋች። ፊርማው ተፈልጎ የሚገኝ ዓይነት አይደለም፤ ራሱ ሰው ይፈልጋል። ኢንጂነሯ ገጹን አንብባ «ይጣራ» አለችና ደብተሩን መለሰችላት።

ጥር ላይ ከሳቁት ሁለቱ አንዱ ዛሬም ሳቀ። ሐረግ ይህንንም መዘገበችለት።

«እኔም አንድ ቃል አለኝ» አሉ ጋሽ አሕመድኑር ድንገት። «ጥር ላይ የፍሪጇን ሶኬት የነቀለው እሱ ነው። ስልኩን ሊሞላ። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ።» የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ የሚያነሳው ግን አልተገኘም።

ከተማ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን በፍቃዱ የሐረግን በር አንኳኳ። አልተቀመጠም።

«ያቺን ገጽ ብቻ ቅደጂልኝ» አላት። «እኔም ማስጠንቀቂያውን አስነሳልሻለሁ። እንዲህ ተደጋግፈን ነው የምንኖረው።»

«መጀመሪያ አሥራ ሁለቱን ሰዎች ይሰብስቡልኝ» አለችው። «እጇ ንጹሕ ነው ብለው በራስዎ አፍ ይንገሯቸው። እኔ ቆሜ እሰማለሁ።»

«እሱ እንኳ ይከብዳል፣ ሐረግ።»

«እንግዲያው በሩን ሲወጡ ይዝጉት።»

ይኸው ሳምንታት አለፉ። ሰውየው ገና እያሰበበት ነው፤ ደብዳቤውም ፋይሉ ውስጥ ነው። ለሰኔ ሠላሳ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። አንተ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ወገብህ ላይ አንጠልጥለህ ይህን የምታነብ ሰው፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ፤ ከላይ ሦስተኛውን መሳቢያ ሳብ፣ የሐረግን ፋይል ክፈት፣ ያቺን ማህተም ያለባትን ወረቀት አውጣና ቅደዳት።