ከካዛንቺስ ቄራ በቤት መኪና፣ የጣሪያው ነገር

አልወደቅኩም። «ጣሪያ ቀዶ ፈረንጅ አልጋ ላይ ወደቀ» እያላችሁ የምታወሩ የካዛንቺስ ልጆች፣ አንደኛ አልጋ አልነበረም፣ ጠረጴዛ ነው። ሁለተኛ የገባው አንድ እግሬ ብቻ ነው። በር ላይ አንድ እግሩን ያስገባ ሰው ቤት ገባ ይባላል እንዴ? አይባልም። በቃ ጉዞውን ስሙ።

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ካዛንቺስ

ሐምሌ ነው፣ ጭቃ ነው። ጋሽ ይልማ ግቢ የቆመችው ቤት መኪና ዛሬ ትወጣለች። ቤት መኪና ማለት በቃ ጎማ ያለው ቤት ነው። ምድጃ፣ አልጋ፣ ሽንት ቤት፣ ሁሉም ውስጥ አለ። ባለቤቶቹ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች ናቸው። ባልየው ሀንስ ይነዳል እንጂ አያወራም። ሚስቱ ግሬታ ድሮ ነቀምት ነርስ ነበረች፣ አማርኛዋ ከኔ ይሻላል። እኔን «እርስዎ» ነው የምትለኝ። በሃያ ሁለት ዓመቴ እርስዎ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

የመኪናዋ የጉምሩክ ፈቃድ ከነገ ወዲያ ያልቃል። እስከዛ በሞያሌ ካልወጡ ትያዛለች። አገራቸው ያለውን ቤት ሸጠው ነው የገዟት፣ ሌላ ቤት የላቸውም። እኔ ከተማውን አስወጣችኋለሁ ብያለሁ።

ግሬታ ከደብተር ታነባለች፣ ሀንስ እየዞረ ያያል። «ጋዝ?» ተዘግቷል። «ደረጃ?» ተሰብስቧል። «ግራጫ ውሃ?» እሱ የዕቃ እጣቢ ነው። «ጥቁር ውሃ?» እሱን አልነግራችሁም፣ ቁርስ ላይ ያለ ሰው ሊያነብ ይችላል። መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ግን የቤት መኪና ሕግ በአንድ ጠዋት ጨረስኩት።

12 ሰዓት ተኩል፣ ከግቢው እስከ አስፋልቱ

መንገዱ ላይ የመብራት ሽቦ ተንዘላዝሏል። መኪናዋ ረጅም ናት። እንዲህ ሲሆን ሰፈራችን ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ያነሳል፣ መኪናው በሥሩ ያልፋል። እኔ በጭነት መኪና ስንቴ ሠርቻለሁ።

«እዚህ ላይ ይወጣል እንዴ?» አሉ ጋሽ ይልማ።

«ጋሼ፣ ጣሪያ እኮ ነው። ጣሪያ ለምንድነው የሚሠራው?»

«ለዝናብ» አሉኝ።

ወጣሁ። አንደኛውን ሽቦ አነሳሁ፣ ሁለተኛውን አነሳሁ። ሦስተኛው ጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። የኛ መኪና ጣሪያ ብረት ነው። የነሱ ግን መሃሉ ላይ መስኮት አለው፣ ፕላስቲክ። ማነው ጣሪያ ላይ መስኮት የሚሠራው? ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ ገባ። እንጨቱን ግን አለቀቅኩም፣ ይሄን ማንም አያወራም።

ግሬታ ከታች ጠረጴዛው ጋ ነበረች። ጫማዬን ያዝ አደረገችው።

«ይሄ እግር ያንተ ነው?» አለች።

ከዛች ደቂቃ ጀምሮ «አንተ» ሆንኩ።

1 ሰዓት፣ መስቀል አደባባይ

አሁን ውስጥ ነኝ፣ ቀበቶ ታስሬ። ያልታሰረ ሰው ካለ አትንቀሳቀስም፣ ይሄም ሕጋቸው ነው። ሯጮቹ ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አንድ ሚኒባስ ከግራ መብራት ብልጭ አደረገ። ሀንስ ሊያልፍ ነዳጅ ረገጠ።

«ቁም» አልኩት። ቆመ። ሚኒባሱ አፍንጫችን ሥር አለፈ።

ለካ በነሱ አገር ብልጭ ያደረገ ሰው እለፍ ማለቱ ነው። እኛ ጋ መጣሁልህ ነው። ግሬታ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዛ ቀና ብላ በቀዳዳው ሰማዩን አየች። ጠቁሯል።

«ፍራሹ ከረጠበ በሐምሌ አይደርቅም» አለች። «እንዲህ ሆነን ሞያሌ አንሄድም።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

2 ሰዓት ተኩል፣ መስቀል ፍላወር

ሦስት የመኪና ዕቃ ሱቅ ገባን። አንዱ ሳቀ። አንዱ «ከውጭ ይታዘዛል፣ ሁለት ወር» አለ። ሦስተኛው፣ «ቆርቆሮ ምታበት» አለኝ። ጣሪያው እኮ ስስ ነው፣ ሚስማር ይሰነጥቀዋል። ፍርፍር በላን። ማለቴ እነሱ በሉ፣ እኔ ደመናውን ስጠብቅ ነበር።

4 ሰዓት፣ ቄራ

የእናቴ ጓደኛ እትዬ ዘውዴ ቄራ አጠገብ ጨጓራ አጥበው ይሸጣሉ። ፈረንጆቹን እዛ ያመጣኋቸው አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው፤ የእትዬ ዘውዴ ቀይ ሳፋ። ትልቅ ነው፣ ወፍራም ነው።

«እትዬ፣ ሳፋውን ፈልጌው ነበር።»

«ጨጓራውን የት ላድርገው፣ አናትህ ላይ?»

ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩላቸው። ሳፋውን አጥቤ ቀዳዳው ላይ ደፋሁት፣ ልክክ አለ። ሀንስ ዙሪያውን ማስቲሽ ሞላበት፣ እኔ ከላይ በገመድ ጠፈርኩት። በዚህኛው ዙር ጣሪያው ላይ በሆዴ ተኝቼ ነው የሠራሁት።

ማስቲሹ ያዝ ሲያደርግ ዝናቡ መጣ። ግሬታ ከቀዳዳው ሥር ተቀምጣ መዳፏን ዘረጋች። ሳፋው ከበሮ ሆነ። እትዬ ዘውዴ እንኳን ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመው መዳፏን ያያሉ።

ቆይታ ቆይታ መዳፏን አዞረችልኝ። ደረቅ ነው። ቤቱ ጨጓራ ጨጓራ ይሸታል እንጂ መዳፏ ደረቅ ነው።

ከዛ ደብተሩን አወጣች። ጋዝ፣ ደረጃ፣ ግራጫ ውሃ፣ ጥቁር ውሃ። መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር አለ።

«ጣሪያ ላይ ሰው?»

ሀንስ በዛ ዝናብ ወርዶ አየ። የለም። በቃሊቲ በኩል ወጡ።

በነጋታው ማታ ከሞያሌ ለጋሽ ይልማ ደወለች፣ ፍራሹ ደረቅ ነው አለች። ያላመነ ቄራ ሄዶ እትዬ ዘውዴን ይጠይቅ። አሁን ጨጓራ የሚያጥቡት በሰማያዊ ሳፋ ነው። ቀዩስ የት ሄደ በሏቸው። ስትጠይቁ ግን ራቅ ብላችሁ ቁሙ።