እናቴ የምትሰፋበት ፎቅ

ባለፈው ሳምንት ቻይናታውን ውስጥ በአንድ ላውንደሪ በር ሳልፍ፣ የጋለ ካውያ እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ድንገት አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ቆምኩ። በልጅነቴ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ልብሷ ይህንኑ ይሸት ነበር።

እናቴ በሱዳን በኩል ተሰዳ ላስ ቬጋስ እንደገባች ሥራ ያገኘችው ዳውንታውን በነበረ አንድ አሮጌ የልብስ መደብር ነው። ላይኛው ፎቅ፣ በመንገዱ በኩል ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ የካዚኖ ሠራተኞችን ሱሪ ታሳጥር፣ ኮታቸውን በልካቸው ታስተካክል ነበር። በጋ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ይዛኝ ትሄድ ነበር፤ እኔም ከጠረጴዛዋ ሥር ተጋድሜ የስፌት መኪናውን ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። የክፍሉን ግድግዳ ባለቤቱን አስፈቅዳ ውሃ ሰማያዊ የቀባችው እሷ ናት።

ባለቤቱ ሚስተር ሊዮ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። መኸር ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ታመሙ፤ ልትጠይቃቸው ስትሄድ የምትሰፋበት መኪና የራሷ እንደሆነ ነገሯት። ገናን ሳያዩ አረፉ። ልጆቻቸው ሕንፃውን ሸጡት፤ መደብሩም ተዘጋ። እናቴ መኪናውን እንድትወስድ ቀን ቢቀጥሩላትም፣ በዚያ ጠዋት ስንደርስ ሕንፃው በሽቦ ታጥሮ ማፍረሻው ማሽን ሥራ ጀምሯል።

በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ቆሟል፤ እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ነበርኩ።

«ንገሪው፤ መኪናዬን ብቻ አውጥቼ እሄዳለሁ በይው» አለችኝ።

ነገርኩት። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሩን ከመጠበቅ ሌላ ሥልጣን እንደሌለው ገልጾልኝ ስልክ ደወለ፣ ደግሞም ደወለ፣ የሚያነሳ ግን አልነበረም። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ወረደና የእናቴ ክፍል ከነሰማያዊ ቀለሙ ለመንገደኛው ሁሉ ወለል ብሎ ታየ። መኪናው መስኮቱ ከነበረበት አጠገብ ቆሟል።

«እንዴት አድርጌ እንደሸፈንኩት ታያለሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ጨርቁ አሁንም በላዩ ነበር። ወለሉ ማዘንበል ሲጀምር ፊቴን ወደ ሆዷ አስጠግታ ያዘችኝ፣ ስለዚህ መኪናው ሲወድቅ አላየሁም፤ የሰማሁት የእሷን ትንፋሽ ብቻ ነው። አላለቀሰችም። አውቶቡስ ይዘን ተመለስን።

ጸደይ ላይ ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ መርፌ ስትይዝ አላየኋትም፤ የራሷ ቀሚስ ጫፉ ሲተረተር እንኳ ለሌላ ሰው ትሰጥ ነበር።

አሁን በቦታው ፎቅ ያለው ፓርኪንግ ቆሟል። ሐኪም ቤት ሳደርሳት በዚያ ስናልፍ፣ «እዚህ ጋ ነበር አይደል?» ትለኛለች፤ እኔም እርግጠኛ ሳልሆን፣ አዎ እላታለሁ። ያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቢሻል ኖሮ ዘበኛው በሩን የሚከፍትልን ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ቋንቋው ሞልቶኛል፤ ያን ጠዋት ምን ብለው ኖሮ ይከፍትልን እንደነበር ግን እስካሁን አላውቅም።