ናሆም ለእማዬ የጻፋት ፋንክሽን

ትናንት የእማዬን መድኃኒት የሳምንቱ ሳጥን ውስጥ ስደረድር፣ ቅዳሜ ላይ ስደርስ እንደገና ቆጠርኩ።

ታላቅ ወንድሜ ናሆም ሳለ ይህ የእሱ ሥራ ነበር። የመጨረሻው ደህና ቀን ሐሙስ ነበር። ቻምብሊ ከተማ ባለው ቤታችን፣ ውጭ ዝናብ፣ የተረፈ ፓስታ በሚጥሚጣ እየበላን ነበር። ነርሷ ደውላ የእማዬ የደም ማቅጠኛ መጠን መቀየሩን ነገረችው። ወረቀት አልፈለገም። ላፕቶፑ ላይ በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ አጭር ፋንክሽን ጻፈ፤ ቀኑን ስትነግራት ስንት ክኒን እንደሚሰጥ ትመልሳለች።

«ሴቭ አድርጋት እንጂ!» አልኩት።

«ነገ። ይልቅ ና፣ የፋንክሽኗን ሆድ ላሳይህ።» ስክሪኑን አጠራና አንድ ትእዛዝ ጻፈ። ማሽኑ የእኛን ጽሑፍ ወደ አጫጭር መመሪያዎች ቀይሮ ነው የሚሠራው፤ እነሱ ተዘረዘሩ። «ስትጠራጠር ጸሐፊውን አትመን፤ ይኼን እይ።»

«አንተንም?»

«እኔን በተለይ፣ አንተ የሃይስኩል ፕሮፌሰር!»

አርብ ጠዋት ለእማዬ ክኒኗን ሰጥቶ ወጣ። ሀይዌይ ላይ ተገጨ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሞቷል ተባልን።

ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። እኔ የማስበው የነገውን ክኒን ነበር። የመድኃኒቱ ጠርሙስ «ሐኪም እንዳዘዘው» ብቻ ይላል። መጠኑ ከበዛ ትደማለች፤ ካነሰ ደሟ ይረጋል። ሴቭ ስላልተደረገች ላፕቶፑ ቢዘጋ ፋንክሽኗም ትጠፋለች። ቀስ ብዬ «ቅዳሜ» ብዬ ጻፍኩ። ፋንክሽኗ ግማሽ አለች። ናሆም ግን ሲቸኩል ይሳሳታል።

«አንዷን ስጣትና ተገላገል፣ የኔ ልጅ» አሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች።

ለነርሷ መደወል እችል ነበር። ግን «ወንድምህስ?» ትለኛለች። ያንን ፈራሁ። ስለዚህ የእሱን ትእዛዝ ጻፍኩና መስመር በመስመር በጣቴ ተከተልኩ። ቀኑን ውሰድ። ከረቡዕ ጋር አወዳድር። ከቅዳሜ ጋር አወዳድር። ግማሽ መልስ። አለበለዚያ አንድ። ሁለት ቀን ግማሽ፤ አስቦበት ነው የጻፈው። ነርሷን በትክክል ሰምቷት እንደሆነ ግን እዚያ ውስጥ የለም። ማሽኑ ምን እንደሚሠራ እንጂ ለምን እንደሆነ አይጽፍም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እየፈራሁም ቢሆን ለነርሷ ደወልኩ።

«ናሆም ነህ?» አለችኝ ነርሷ።

«ወንድሙ ነኝ። ናሆም... ሞቷል።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ነርሷ የእማዬን ፋይል አየችና «አዎ፣ ዛሬ ግማሽ ነው» አለች። ክኒኗን በቢላዋ ከፈልኩ። እማዬ እጄን እንኳ ሳታይ ዋጠች።

አሁን ነርሷ የምትደውለው ለእኔ ነው። የነገረችኝን ሁለቴ አስደግማታለሁ፤ አትሰለችም። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ደጋግሜ ስለሚያስጠይቀኝ ግን እስካሁን አንድም ቀን በመጠኑ አልተሳሳትኩም።