ዘይት ያለቀበት ማይክሮስኮፕ

አሰላ ላይ ወልደጻድቅን የማያውቅ ሰው ቢኖር ታሞ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ከገበያው በላይ ባለችው ባለ ሦስት ክፍል ክሊኒክ፣ በምሥራቁ መስኮት ሥር፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ ማይክሮስኮፕ ላይ የሚያጎነብስ ቀጭን ድሬሰር ነበር። ሲያይ ሁለቱንም ዓይኖቹን ይከፍታል። አንዱን የሚጨፍን ጀማሪ ነው ይላል፤ እሱ ጀማሪ አይደለማ! አዲስ አበባ ሦስት ወር ሙሉ ተምሮ መጥቷል።

ሚስቱ ተናኘወርቅ ማይክሮስኮፑን ጣውንቴ እያለች ነበር የምትጠራው።

“ዛሬስ ጣውንቴ ምን አሳየችህ?” ትለዋለች ማታ ራት ሲቀርብ።

“የሰው ደም።”

“የማን?”

“ማንን ከማን እለየዋለሁ? አራት መቶ ጊዜ ከጎላ በኋላ ባላባቱም ጭሰኛውም አንድ ነው።”

“ይህቺን ለባላባቱ እንዳትነግረው!” ብላ ትስቃለች። ልጅ አልነበራቸውም፤ ሳቋ ግን ቤቱን ይሞላው ነበር።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት መባቻ ላይ ወባ ቆላውን ለቃ ሽቅብ ወጣች። ደገኛው ወባን የቆለኞች በሽታ ብቻ አድርጎ ሲኮራ የኖረ ነው፤ ያን ዓመት ኩራቱ ተሰበረ። ሰው በቃሬዛ እየመጣ የክሊኒኩን ደጅ ሞላው። ኪኒኑ ግን ጥቂት ነበር። ወልደጻድቅ በገዛ እጁ ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ፦ “በደሙ ወባ ላልታየበት ሰው ኪኒን አይሰጥም።”

ሁሴኖ የሚባል ፈረስ ነጋዴ ጋቢ ተከናንቦ እየተንዘፈዘፈ መጣ። ወልደጻድቅ ደሙን አይቶ “የለብህም” አለው።

“ያ ሐኪም!” ብሎ ሁሴኖ በኦሮምኛ ጠራው። “እኔ ተንቀጥቅጬ ደሜ ካልተንቀጠቀጠ ምን ላድርግ?”

ተሰልፎ የቆመው ሁሉ ሳቀ፤ ወልደጻድቅም ሳቀ። ኪኒን ግን አልሰጠም። ሁሴኖ በሦስተኛው ቀን ድኖ ፈረሱን ሲያስጋልብ ታየ። ከዚያ ወዲህ “ወልደጻድቅ የለም ካለ የለም” የሚል ነገር በከተማው ተወራ። እሱም ሰማው፤ ደስ አለው። ማን ደስ አይለው?

በጥቅምት የተናኘወርቅ አክስት ቆላው አቦምሳ ላይ አረፈች። ተናኘወርቅ በጭነት መኪና ወርዳ ለቅሶ ቤት ሰባት ሌሊት አደረች። በተመለሰች በአሥረኛው ቀን ራሷን አመማት፤ ማታውን ትኩሳቱ አነደዳት።

በማግስቱ ወልደጻድቅ ክሊኒክ ወስዶ ጣቷን ወጋ።

“ቀስ በል እንጂ፣ ጣውንቴ ልታየኝ ቸኮለች?” አለችው።

ደሟን ስስ የብርጭቆ ቁራጭ ላይ ቀባ፣ አደረቀ፣ ቀለም አጠጣ። አንድ ነገር ግን ጎድሎ ነበር። ትልቁ የታችኛው ሌንስ ሲወርድ ብርጭቆው ላይ የምትደረገዋ የዘይት ጠብታ ካለቀች ሁለት ቀኗ ነው። ለአዲስ አበባ ጽፏል፤ አልመጣም። እሱም ብዙ አላሳሰበው። ዘይቱን የሚያውቀው እንደ ስፌት መኪና ዘይት ነው፤ ሌንሱ ብርጭቆውን እንዳይፍቀው የምትደረግ ነገር ትመስለው ነበር። ተጠንቅቄ ባወርደው ምን ይሆናል? አለ።

አወረደ። ሕዋሶቹ ጭጋግ ውስጥ እንደቆሙ ከብቶች ደበዘዙበት። እንግዲያው ላጉላው ብሎ የላይኛውን፣ ዓይን የሚያርፍበትን ሌንስ አውጥቶ በሚበልጠው ቀየረው። ጎላ! አንዱ ቀይ ሕዋስ የስኒ አፍ አከለ። መሐሉ ላይ ጠቆር ጠቆር ያለ ነገር አየ፤ ቅርጽ የለውም። የቀለም እድፍ ነው አለ።

“አለብኝ?”

“የለም።”

“እሰይ! አንተ የለም ካልክ የለም።”

ታላቅ እህቷ እትዬ ብርቄ ግን ቤት ድረስ መጥታ ተቆጣች። “ወልዴ፣ ከአቦምሳ የመጣ ትኩሳት ምን ምርመራ ያሻዋል? ኪኒኑን ስጣት!”

“እትዬ ብርቄ፣ ስንት ሰው የመለስኩበትን ሕግ ለሚስቴ ስል ላፍርሰው? ምን ይሉኛል?”

“የፈለጉትን ይበሉሃ!”

“ተይው እህቴ፣” አለች ተናኘወርቅ ከአልጋዋ። “በእኔ ምክንያት አድልቶ አይባል። ደሞ አይቶታል እኮ።”

በሦስተኛው ቀን እንደገና ወጋት፤ እንደገና አጎላ፤ እንደገና እድፍ አየ። በአራተኛው ቀን ተናኘወርቅ እሱን በሟች አክስቷ ስም ጠራችው። ያኔ ሕጉም ስሙም ጠፋበት። ክሊኒክ ሮጦ ኪኒኑን በእፍኙ ይዞ መጣ። በጠብጦ በማንኪያ ከንፈሯን ቢያስከፍታት፣ መዋጥ አቅቷት በአገጯ ፈሰሰ። በነጋው ረፋድ ላይ አረፈች።

ከቀብሩ አሥራ ሁለት ቀን በኋላ የላቦራቶሪ ተቆጣጣሪው አቶ አሰግድ ከአዲስ አበባ መጣ፤ አውራ ጣት የምታህል የዘይት ጠርሙስ ይዞ። ወልደጻድቅ “እንደምን ዋሉ” እንኳ አላለውም። የተናኘወርቅን ብርጭቆ ከሳጥኑ አወጣ፤ ጠብታዋን አኖረ፤ ሌንሱን ዘይቱ ውስጥ አወረደ።

ጭጋጉ ተገፈፈ። በየሕዋሱ ውስጥ ሰማያዊ ቀለበት፣ በቀለበቷ ላይ ቀይ ፈርጥ፤ አንዳንዱ ሕዋስ ሁለት ሦስት ይዟል። እድፍ ያለው ሁሉ ወባ ነበር።

“ምን አየህ?” አለ አቶ አሰግድ።

“ያለ ዘይት አይቼው ነበር። አጉልቼ፣ አብልጬ አጉልቼ…”

አቶ አሰግድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “ስማኝ፣ ማጉላት መለየት አይደለም። ስመጣ ከሜዳው ማዶ አንድ ፈረሰኛ አየሁ፤ ሲቀርብ ለካ ሁለት ናቸው። ከሩቅ ሳሉ ያን ነጥብ ፎቶ አንስተህ ግድግዳ እስኪያህል ብታሳድገው፣ ትልቅ ነጥብ እንጂ ሁለት ፈረሰኛ አይሆንልህም። የላይኛው ሌንስ የታችኛው ያልለየውን አይለይም። ብርሃን ከብርጭቆ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ይታጠፋል፤ ውሃ ውስጥ የገባ ዘንግ የተሰበረ አይመስልም? ጥቃቅኑን ነገር የሚለይልህ ያ ወደ ዳር የሚሄደው ብርሃን ነው፤ እሱ ታጥፎ ያመልጥሃል። ዘይቱ እንደ ብርጭቆው ስለሆነ አያጥፈውም፤ ይዞት ሌንሱ ውስጥ ይገባል።” ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። “ቢቸግርህ ያ የጉሎ ዘይት እንኳ ይበቃህ ነበር እኮ።”

ለሆድ ድርቀት የሚሰጠው የጉሎ ዘይት፣ ሙሉ ጠርሙስ፣ ከወልደጻድቅ ክንድ አንድ ስንዝር ርቆ ተቀምጧል። አቶ አሰግድ የማን ደም እንደሆነ አያውቅም ነበር። ሲነገረው ባርኔጣውን አወለቀ።

ያን ዕለት ማታ ወልደጻድቅ እትዬ ብርቄ ደጅ ቆመ። “ነበረባት” አላት። “ዓይኔ ሥር ነበር። አላወቅሁትም።”

እትዬ ብርቄ እርግማን አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሱም ሊሰማው ነበር የመጣው። እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ “አምናህ ሞተች” ብቻ አለች። ቢደበድቡት ይሻለው ነበር።

ክሊኒኩን አልተወም። በሽተኛው የት ይሂድ? በማግስቱ ጠዋት ተሻለች የምትባል ጠላ ሻጭ ደሟን ሰጥታ ጠበቀች። በዘይት አየ። ብርጭቆውን አዙሮ ደግሞ አየ።

“ታዲያስ ጌታው፣ አለ ወይስ የለም?”

“አላየሁም” አላት።

“አላየሁም ማለት ምን ማለት ነው? ድሮ የለም ትል አልነበረም እንዴ?”

“አላየሁም ነው የምልሽ። ነገም ነይ፣ እንደገና አያለሁ። ትኩሳቱ ከበረታብሽ ግን እኔን አትጠብቂ፤ ያውልሽ ኪኒኑ፣ ያዢ።”

በሩ ላይ ወረቀቱ አልነበረም፤ የተለጠፈበት ሙጫ ብቻ ቀርቷል።