ታዱ ካሜራ ፊት ምን ትል ነበር?

«ታዱ አረፈች» ሲሉኝ «የቷ ታዱ?» አልኩ። እኔ እኮ የማውቀው አንዲት ታዱ ብቻ ነው። ሌላ ብትሆን ብዬ ነው መሰለኝ።

ታማ ነበር፣ ግን ተሽሏታል ተብለን ነበር። ዛሬ ጠዋት ሄደች። የምጽፍላችሁ ከለቅሶው ድንኳን በር ላይ ተቀምጬ ነው።

ለማታውቋት፣ ታደለች እዚህ ሚዛን ተፈሪ በምንሠራቸው ንግግር አልባ ፊልሞች ላይ የምትተውነው ሴት ናት። ካሜራ ያዡ እኔ ነኝ። ስንጀምር ማይካችን የተበላሸ ነበር። በኋላ ሌላ ብናገኝም ተውነው፤ ቴፒም ሸኮም ማጂም ስናሳይ ሰው ሁሉ፣ ቋንቋው የፈለገው ይሁን፣ እኩል ይስቅልን ነበር። ታዱ ቅንድቧን ከፍ ካደረገች አስተርጓሚ ምን ያደርጋል?

አንዴ ቴፒ ገበያ ሙዝ ሻጯ ፊልሙን አይታ ኖሮ፣ ታዱ መናገር የማትችል መስላት በእጇ ታናግራታለች። ታዱ ሆዬ በእጇ ትመልሳለች! አልበሰለም ትላለች፣ ትከራከራለች፣ እኔ ሳቄን አፍኜ ልሞት ነው። ሙዙን ዘንቢሏ ውስጥ ከታ ስታበቃ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ!» ስትላት ሴትዮዋ «በስመ አብ!» ብላ ብድግ።

ፊልም ላይ ግን ከንፈሯ አርፎ አያውቅም። ባሏ ጥሏት የሄደባትን ሴት ስትሠራ ካሜራውን ፊቷ ድረስ አስጠጋሁት። እንባዋ ይወርዳል፣ ከንፈሯ በቤንችኛ የሆነ ነገር ይላል። ስንቱን አስለቀሰችው! የኔ ቤንችኛ ከሰላምታ አያልፍም። «ምንድን ነው የምትዪው?» ስላት መልሷ ሁሌም አንድ ነው፦ «አንተ ካሜራህን ያዝ፣ አፌን ለኔ ተወው።»

አዲስ አበባ ንግግር ያለው ፊልም ላይ ሥሪ ሲሏት እንቢ አለች። ተናደድኩ። «በገዛ እጅሽ እንጀራሽን ትገፊያለሽ?» አልኳት።

«አንተ ካሜራህን ያዝ።»

ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ አንዱ ያንን ባሏ የሄደባትን ሴት ፊልም በስልኩ ከፈተው። «አጥፋው! በለቅሶ ላይ?» ብለው ተቆጡት። የታዱ እናት ግን እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉት። እማማ ጆሯቸው መስማት ካቆመ ቆየ፤ ሰው የሚላቸውን ከከንፈሩ ነው የሚያውቁት።

እንባቸውን ጠርገው አዩ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«እኔን እኮ ነው የምታናግረኝ። ‘እማዬ፣ ምሳ በላሽ ወይ? ብቻዬን ነኝ ብለሽ ጦምሽን እንዳትውዪ፣ ጨርሼ እመጣለሁ’ ነው የምትለኝ። ሁሉም ፊልም ላይ ታናግረኛለች።»

ወይ ታዱ! ያ ሁሉ ሕዝብ የሄደ ባሏን እየለመነች መስሎት ያለቅሳል፣ እሷ ለካ ስለ ምሳ ነው የምታወራው። አዲስ አበባን ለምን እንቢ እንዳለች አሁን ገባኝ። እዚያ ቢሆን አፏ የደራሲውን ቃል ነበር የሚናገረው። እማማን ማን ያናግራቸዋል?

እማማ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉና መለሱላት፦ «አልበላሁም ልጄ። ዛሬስ አልወርድልኝ አለ።»

ትሪ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከንፈሬን እንዲያዩልኝ ቀስ ብዬ «እማማ፣ ብሉ ብላለች እኮ» አልኳቸው። አዩኝና አፋቸውን ከፈቱ። አጎረስኳቸው።

ታዱዬ፣ አፍሽን ላንቺ ባልተውልሽ ኖሮ እኛ ዛሬ ምን እናደርግ ነበር? ነገም እጠይቃቸዋለሁ፣ ከነገ ወዲያም። በይ ደህና ሁኚ፣ እህቴ።

እናትሽ ምሳ በልተዋል።