እንፋሎት ቢራ የጠመቀ ጊዜ

ሰውየውን በሥራ ቦታው «እንፋሎት» ይሉታል። ሥራው የሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች እዚያ ይታጠባሉ፣ በጨርቅ ይጠቀለላሉ፣ በኃይለኛ እንፋሎት ከጀርም ይነጻሉ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይመለሳሉ። ሃያ ዓመት ሠርቶበታል።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ዕቃ ማጠብ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን እጅግ ደስ የሚል ብልሃት አለው። መቀስ ተከፍቶ ነው የሚታጠበው፤ ደም የሚደበቀው ሁለቱ ስለቶች በሚገናኙበት ብሎን ሥር ነዋ! ቱቦ ከሆነ ውስጡ በቀጭን ብሩሽ ይፈገፈጋል። ሙቀቱ የሚያጸዳው የደረሰበትን ብቻ ነው። ስለዚህም አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር እንፋሎት ጣቱን ቀስሮ፣ «የሚፈታ ነገር ሁሉ ይፈታል። ‹ይሄ አንድ ወጥ ነው› ብለህ ያለፍከው ነው ሰው የሚጨርሰው» ይላል።

ሃያ ዓመት የሞላው ዕለት ባልደረቦቹ አዋጥተው አንድ ካርቶን አበረከቱለት። በውስጡ ቤት ውስጥ ቢራ ለመጥመቅ የሚያስፈልገው ሁሉ ነበር፦ ከታቹ ትንሽ ቧንቧ የተገጠመለት ባለ ክዳን ነጭ ባልዲ፣ እንደ ማር የወፈረ የብቅል ጭማቂ በቆርቆሮ፣ አንድ ፓኬት እርሾ፣ የማጽጃ ዱቄት፣ ሆፕም። ሆፕ ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ ነው፤ እዚህ ግን ተፈጭቶና ተጠቅጥቆ የጥንቸል መኖ መስሎ ነው የመጣው። ካርቶኑ እንደሚለው የሚወጣው ቢራ ፔል ኤል የሚባለው ነው፤ ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ሆፕ የበዛበት፣ ሽታው የብርቱካን ልጣጭ የሚያስታውስ።

ስጦታውን የመረጠችው የቀዶ ጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። «ንጽህና ይወዳል፣ ቢራም ይወዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ሰጠነው» ብላ አሳቀቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት እንፋሎት ጓንት አጥልቆ ወጥ ቤት ገባ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን ልታወጣለት ነው፣ ትርፍ አንጀት?» አለችው ባልዲውን በአገጯ እያመለከተች።

«አንቺ፣ እዚህ ክፍል ያለ ማስክ አይገባም!»

ጭማቂውን በፈላ ውሃ በጠበጠው፤ ሃያ ሊትር እስኪሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመረ፤ ለብ ሲል እርሾውን በተነበትና ከደነው። እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ስኳሩን እየበላ አልኮልና አየር ያወጣል። በማግሥቱ ክዳኑ ላይ ያለው መተንፈሻ ቡልቅ፣ ቡልቅ ማለት ጀመረ። እንፋሎት ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ሚስቱ «ተናገረ እንዴ?» እያለች ታልፋለች።

በአምስተኛው ቀን ሆፑን ሲጨምር አላስችለው አለ፤ ቧንቧውን ከፍቶ ግማሽ ብርጭቆ ቀዳ። ቢራው ገና ጣፋጭ ነበር፤ ከሥሩ ግን ያ የሚጠብቀው ምሬት ብቅ ብሏል። የቧንቧውን አፍ በአልኮል ጨርቅ ጠራርጎ ወደ ሥራው ሄደ።

በአሥራ አራተኛው ቀን የእንፋሎት የሥራ ተራ ጠዋት ስለሆነ ሠላሳ ስምንቱን ጠርሙስ ያጠበችው ሚስቱ ነበረች። በሙቅ ውሃና በጠርሙስ ብሩሽ አጠበች፤ የማጽጃ ዱቄቱ በሟሟበት ውሃ አለቀለቀች፤ በንጹህ ጨርቅ ላይ ደፍታ አጠፈፈች። የጣቶቿ ቆዳ ተጨማደደ። ከሥራ ሲመለስ ሠላሳ አምስቱን በቧንቧው ሞላ፤ በየጠርሙሱ ትንሽ ስኳር አድርጎ ቆርኪ ገጠመበት። ከቧንቧው በታች የቀረውን አተላ የበዛበት ቢራ ግን ባልዲውን አዘንብሎ በተቀቀለ ማንቆርቆሪያ ተቀበለና ሦስት ጠርሙስ አደረገው። ለእንግዳ ስለማይሆን አንገታቸው ላይ ቀይ ክር አሰረባቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሲስተርና የሚስቱ ታላቅ ወንድም ሊቀምሱ መጡ። ወንድምየው የታክሲ ሾፌር ነው። ሲስተር ሌላም ጉዳይ ነበራት። መሣሪያ የሚጠቀለልበት ድርብ ጨርቅ፣ ሁለት መቶ ፍሬ፣ የሚሰፋላት ሰው ትፈልጋለች። የሚስትየዋን ስፌት ገልብጣ አየችና «ሰኞ ጣቃውን እልክልሻለሁ» አለቻት። ዓመቱን ሙሉ የሱሪ ዚፕ ስትቀይር ለከረመች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

እንፋሎት የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፈተ። አረፋው ተምዘግዝጎ ጣሪያ ነካና በሲስተር ቀሚስ ላይ ወረደ። ሁለተኛውም እንደዚያው፤ ሦስተኛውም። ቤቱ ሁሉ እርጥቡን ታጥፎ የቆየ ጨርቅ ሸተተ።

«ስማ እንጂ፣ ይሄ ቢራ ነው የሰላጣ ኮምጣጤ?» አለ ሾፌሩ።

ሲስተር ቀሚሷን እየጠረገች ሳቀች። «በእኛ መቀስ ቢሆን ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር!»

እንፋሎት ጆሮው ድረስ ጋለ። «እኔ የነካሁት ነገር ችግር የለበትም» አለ። «ጠርሙሶቹን ያጠበችው እሷ ናት።»

ሚስቱ መወልወያ ይዛ ከወለሉ ቀና አለች። «ሠላሳ ስምንቱንም አጥቤያለሁ» አለችና መልሳ አቀረቀረች።

«በይ እንግዲህ፣ ጠርሙስ አጣቢነቱ አልሆነልሽም» ብሎ ወንድሟ ቀለደ። ሲስተር አልሳቀችም። ሰኞ ጣቃው አልመጣም። እንፋሎት ሲጠይቃት፣ «የኦፐሬሽን ጨርቅ ነው እኮ፤ እስቲ ትንሽ ላስብበት» አለችው።

ሐሙስ ማታ የቀሩትን ጠርሙሶች ሊደፋ ሲል ባለ ቀይ ክሮቹን አገኘ። አንዱን ሊደፋ ከፈተው። ጭስስ ብሎ በቀስታ ተነፈሰ እንጂ አልገነፈለም። ደፍርሷል፤ ነገር ግን የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ቀመሰው። መራራ፣ ንጹህ፣ ግሩም ቢራ! ሁለተኛውን ከፈተ፤ እሱም ያው።

ለመደሰት እንኳ ጊዜ አላገኘም። ሦስቱንም ያጠበቻቸው ያቺው ሴት፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ውሃ ነው። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነበር፦ የእነዚህ ቢራ በቧንቧው አላለፈም።

ቧንቧውን ይዞ ጠመዘዘው። ሦስት ቦታ ተፈታ። ውስጡ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ጋግሯል፤ ሽታውም ያው የእሑዱ ሽታ። በአምስተኛው ቀን የቀዳት ግማሽ ብርጭቆ ቧንቧው ውስጥ ጣፋጭ ቅሪት ትታ ነበር፤ ጀርሙ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲራባባት ከርሞ ነው ቢራው በላዩ ያለፈው። እሱ የጠረገው ውጪውን ነው። ከባልዲው ጋር አንድ ወጥ መስሎት!

ወዲያው መናገር ነበረበት። አልተናገረም። ዓርብ ሚስቱ የደንበኛ ቀሚስ ከመንካቷ በፊት እጇን በበረኪና ስትታጠብ አያት። ቅዳሜ ደገመችው። አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እሑድ ሻይ አፈላላትና ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ ስለ ዝናቡ አወራ።

ሰኞ ሲስተር መሣሪያ ልትወስድ ስትወርድ የተፈታውን ቧንቧ ብረት ጠረጴዛው ላይ ደረደረላት።

«ሲስተር፣ የቢራው ጥፋት የእኔ ነው። ይሄን አልፈታሁትም።»

አንዱን ቁራጭ አንስታ አሸተተችው። «አንተ?»

«እኔ።»

«እኔ እኮ በአንተ ቃል ነው ሥራውን የከለከልኳት። መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሐሙስ።»

ቁራጩን መልሳ አስቀመጠችው። «ጣቃውን አሁኑኑ እልክላታለሁ። ያንተን መሣሪያ ግን ለአንድ ወር እኔው እየፈተሽኩ ነው የማስወጣው።»

«ይገባኛል» አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ፈታሽ ተመድቦበት አያውቅም።

ቤት ሲደርስ ጣቃው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሚስቱም እየለካች። «መጣ!» አለች ፊቷ በርቶ። «ሲስተር ምን ብላ ሐሳቧን ቀየረች?»

ቆሞ ነገራት። ሜትሩን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሐሙስ።»

«ዓርብ እጄን በበረኪና ስታጠብ አይተኸኛል።»

«አይቻለሁ።»

«ያኔ ‹እስቲ እጄን አሽትልኝ፣ ሽታ አለው ወይ?› ብዬህ ነበር እኮ። ምን አልከኝ?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። «ትንሽ ታጠቢው» ነበር ያላት።

«ለጋሼ ነግረኸዋል?» አለች፤ ታላቅ ወንድሟን ማለቷ ነው።

«ገና ነው። ለእሱ እንኳ ቀስ ብዬ...»

«ደውልለት። እዚሁ። ድምፁንም ክፈተው።»

ደወለ። «እንፋሎት!» አለ ሾፌሩ በሳቅ። «ጠርሙስ አጣቢያችን እንዴት ናት?»

«አጠገቤ ናት። የምነግርህ ነገር አለኝ።»

«ስፒከር ላይ ነህ፣ ወንድሜ፤ ሦስት ሰው ጭኛለሁ። በኋላ ልደውልልህ?»

እንፋሎት ሚስቱን አያት።

«ይስሙ» አለች።

ጉሮሮውን ጠረገና ለማያውቃቸው ሦስት ተሳፋሪዎች ጭምር፣ ከግማሽ ብርጭቆዋ ጀምሮ መናገር ጀመረ።