አሥራ አንድ ሉክስ

ፖሊሶች የያዙኝ ሰበታ፣ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ፣ የብርሃን መለኪያዬን ከስፌት መኪናው በላይ ዘርግቼ ሳለ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሠራተኛው ዓይኑ ሳይደክም የሚሠራበት ብርሃን አለ ወይ ብዬ እለካለሁ። ስለታሰሩ ሰዎች ፌስቡክ ላይ ጽፈሃል አሉኝ። ጽፌያለሁ። እኔንም መለኪያውንም ይዘው ሄዱ።

ያስገቡኝ ፉሪ አካባቢ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መስኮቶቹ በቆርቆሮ ተመትተዋል፤ ጣሪያው ላይ አንዲት አቧራ የጠጣች አምፖል አለች። ሲሚንቶና ላብ ይሸታል። በሩን በጡጫ ስደበድብ አንድ ሽማግሌ ውኃ አቀበሉኝ። “መጀመሪያ ጠጣ ልጄ፣ ከዚያ ትናደዳለህ” አሉኝ። ተጂ ላይ በርበሬ የሚነግዱ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ ነበር የምንላቸው። እሳቸው ባይኖሩ እንጃልኝ!

ሐጂ ስኳር አለባቸው። ጠዋትና ማታ ጠባቂው ኢንሱሊንና መርፌ ያመጣል፣ ሲወጉ አፍጥጦ ያያል፣ መርፌውን ይዞ ይሄዳል። እስረኛ ከክፍሉ ወጥቶ መድኃኒት አይወጋም የሚል ትእዛዝ ነበር። መጠኑ የሚለካባቸው የመርፌው መስመሮች ግን ቀጫጭን ናቸው፤ በዚያች አምፖል ለሐጂ ቀርቶ ለእኔም አይለዩም። አንድ ማለዳ ተጋግዘን አብዝተን ሳብን። ሐጂ ላብ በላብ ሆኑ፣ ተንቀጠቀጡ፣ አፋቸው ተሳሰረ። ከአንዱ እስረኛ ኪስ ከረሜላ ባይገኝ ኖሮ እጃችን ላይ ያልፉ ነበር።

ሌላ አምፖል ለመንን። “በርቶላችሁ የለ እንዴ?” አሉን።

ከዚያ የቤቱ ኃላፊ፣ አንድ ወጣት ኢንስፔክተር፣ ቢሮው አስጠራኝ። መለኪያዬ ጠረጴዛው ላይ አለ።

“ይሄ ምንድነው የሚሰልለው?”

“ብርሃን ነው የሚለካው።” አበራሁት፤ አሥራ ሁለት አለ። “እስቲ የኛንም ክፍል ይዩልን።”

መለኪያውን ራሱ ይዞ መጣና ከሐጂ ፍራሽ በላይ ዘረጋው። አሥራ አንድ።

“በአንድ ቁጥር ልዩነት ነው ይህን ሁሉ የምትጮኹት?” ብሎ ሊወጣ ዞረ።

ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ሐጂ “ቀስ!” አሉኝ። ያኔ ነው ከቁጥሩ ጎን ያሉትን ፊደላት ያየሁት። የፋብሪካው መመሪያ ፉት ካንድል በሚባል የብርሃን መስፈሪያ ስለሆነ መለኪያውን በእሱ ነበር የተውኩት፤ ቢሮ ያየነውም በፉት ካንድል ነው። ኢንስፔክተሩ ይዞት ሲመጣ በአውራ ጣቱ ቁልፉን ነክቶ ሉክስ ወደሚባለው ትንሹ መስፈሪያ ቀይሮታል። አንድ ፉት ካንድል ደግሞ ወደ አሥራ አንድ ሉክስ ይጠጋል።

“መስፈሪያው ተቀይሯል” ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። አሥር ነጥብ ሰባት ምናምን ስል ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ከጣጣው ያወጡኝ ሐጂ ናቸው፤ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሩ።

“ስማኝ ልጄ፣ አሥራ ሁለት ፈረሱላ በርበሬ ከእኔ ገዝተህ አሥራ አንድ ኪሎ ባመጣልህ፣ የጎደለው አንድ ነው ትላለህ?”

ኢንስፔክተሩ ሳቀ። “ኧረ አልልም ሐጂ!”

“ቁልፉን ይጫኑት” አልኩት። ተጫነው፤ አሥራ አንዱ ወርዶ አንድ ሆነ።

“አንድ?”

“አንድ። የእርስዎ ጠረጴዛ አሥራ ሁለት።”

ሳቁ ቆመ። ቀና ብሎ አምፖሏን አያት። “አምፖል ብጠይቅም አይመጣልኝም” አለ። “ሐጂ፣ ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ መጥተው ይወጉ።”

“ትእዛዙስ?” አለ ጠባቂው።

“ለእሱ እኔ አለሁ።”

ሲነጋ ሐጂ ቆባቸውን አስተካክለው ኮታቸውን ደረቡ፤ ደግፌያቸው ሄድን። “አካም ቡልቴ?” አሉት ኢንስፔክተሩን በኦሮምኛ፣ እንግዳ ሆነው ቤቱ እንደመጡ ሁሉ እንዴት አደርክ ሲሉት። መርፌውን ቆርቆሮ ወዳልተመታበት የቢሮው መስኮት አንስተው መስመሩን በራሳቸው ዓይን አነበቡ። ደስ አለኝ! ሸሚዛቸውን ሊገልጡ ሲሉ ግን ቆም አሉ።

“ልጄ፣ ሆዴን ልገልጥ ነው። ፊትህን አዙርልኝ።”

ኢንስፔክተሩን አልለመኑትም፤ አዘዙት። ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ተነሳና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ዞርኩ።

ክስ እንኳ ሳይመሠረትብኝ ተፈታሁ፤ ሐጂም ተፈቱ። ዛሬ ቡራዩና ሱሉልታ ድረስ እየዞርኩ ብርሃን እለካለሁ። ንዴቱ ጨርሶ አልወጣልኝም፤ ምስጋናዬ ግን ይበልጣል። ሐጂ በሕይወት አሉ፣ ተመስገን! በቅርቡ ልጃቸውን ሲድሩ ጠሩኝ። ተጂ ስደርስ ያ ኢንስፔክተር ያለ ዩኒፎርሙ ድንኳኑ ደጃፍ ቆሟል። እሱንም ጠርተውት ኖሯል፤ መግባቱ ቸግሮት ሰዓቱን ያያል። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ።

“ሐጂ እየጠበቁህ ነው” አልኩት። አብረን ገባን።